በልታ ትደር

«ማን ሞተና ነው መርዶ የምታደርጉት?» አለች ሳፊያ። «እስቲ የሞተውን ሰው ንገሩኝ።»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለ አባቷ።

«አልቀንስም። አብዱልናስር አልሞተም፤ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው። ዛሬ ጠዋት ዳቦና ሻይ ያደረስኩለት እኔ ነኝ። እማዬ ከአውሮፕላን እንደ ወረደች፣ ልጅሽን ለውትድርና ይዘውታል እላታለሁ። በመጣችበት መኪና ቀጥ ብላ ጓድ ከበበ ቢሮ ትገባለች። አለቀ።»

«እዚያው ቦሌ መሬት ላይ ስትዘረርስ ማን ያነሳታል? አንቺ?»

ሳልህ ይህን ሲል የአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ይዞ ወደ ሳሎኑ እየጎተተ ነበር። ሌላውን ጫፍ የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረ ክርስቶስ ይዘዋል። ወንበሮቹም የእድሩ ናቸው፤ ከየካ ሚካኤል በታች ባለው ሰፈር ለለቅሶም ለሠርግም ከቤት ቤት የሚዞሩት እነሱ ነበሩ። ዛሬ የመጡት ለረሂማ አቀባበል ነው። የሳልህ ሚስት፣ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ረሂማ፣ ከሌሎች የማኅበር ሴቶች ጋር ቻይናን ልትጎበኝ ሄዳ ሰንብታ ከሰዓት በኋላ ትገባለች።

ልጇ የተያዘው ሐሙስ ዕለት ነው። ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከነቁምጣው ይዘውት ሄዱ። ለሁለተኛው ዙር ብሔራዊ ውትድርና የቀበሌው ኮታ አልሞላም ነበር። ልጁ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሕጉ ከዐሥራ ስምንት በታች አይወስድም። ሳልህ ይህንኑ ላስረዳ ብሎ መገናኛ ያለውን የመኪና መለዋወጫ ሱቁን ዘግቶ ቀበሌው በር ላይ ቆሞ ዋለ፤ የሚያስገባው ሰው አላገኘም። ነጋዴ ወረፋውን ይጠብቅ አሉት። የሰፈር ልጅ የሆነ አንድ ዘበኛ ብቻ ጠጋ ብሎ፣ መኪኖቹ ሰኞ እንደሚመጡ፣ እስከዚያ ግን ጓድ ከበበን ሊያናግር የሚችል ሰው ካለ ረሂማ ብቻ እንደሆነች ነገረው። እውነቱን ነው። ረሂማና ከበበ መሠረተ ትምህርቱን አብረው ነው የመሩት፤ ሊቀመንበሩ የእሷን ቃል ሲያጥፍ ያየ ሰው የለም።

ስለዚህ የልጁ ነገር በእናቱ እጅ ነበር። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። የተጣሉት መቼ እንደሚነገራት ነው።

አቶ ገብረ ክርስቶስ ወንበሩን አስቀምጠው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ልጄ ሳፊያ፣ መንገደኛ በር ላይ ክፉ ወሬ አይነገረውም። ይሄን እኔ አላመጣሁትም፤ ስንወለድም እንዲሁ ነበር። ገብታ ትቀመጥ፣ ሰው ይያት፣ በልታ ትደር። ነገ ጎሕ ሲቀድ እኔ ከሁለት ሦስት ሽማግሌ ጋር መጥቼ በወጉ እነግራታለሁ። እሑድ ሙሉ ቀን የእሷ ነው። መኪናው ሰኞ ነው።»

«ሰኞ ነው ያለው ዘበኛ ነው።»

«ታዲያ ቀበሌ ውስጥ ከዘበኛ በላይ ማን ያውቃል?» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ። ቀልድ ነበር፤ የሳቀላቸው ግን የለም።

«የከድርን ቀን ረሳሽው?» አለ ሳልህ ዝግ ባለ ድምፅ።

ሳፊያ አልረሳችውም። በሰባ ዓመተ ምሕረት የእናቷ ወንድም ከድር የተገደለ ጊዜ ረሂማ ከደሴ እየመጣች ነበር። አውቶቡስ ተራ አንዲት ጎረቤት ተንደርድራ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና ወሬውን ጮኸችባት። ረሂማ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወደቀች፤ በሆዷ የነበረውን ልጅ በዚያው ሳምንት አጣች። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የሰው ሞት የሚነገር ከሆነ «እንደ ረሂማ እንዳይሆን» ይባባላሉ።

«እሱ ሞት ነበር» አለች ሳፊያ። ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሏል።

«እናት ልጇን ወሰዱት ሲሏት ምን ልዩነት አለው? ወላሂ በዪ።»

ሳፊያ አባቷን አየች። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አልተላጨም፤ ዐይኑ ቀልቷል። «ወላሂ» አለች። «እስከ ነገ ንጋት ብቻ።»

ረሂማ የመጣችው በመንግሥት ቮልስዋገን ነው። ስትወርድ አንገቱ የተቆለፈ ሰማያዊ ኮት ለብሳ ነበር። ጎረቤቷ የማርያምወርቅ፣ ከጉልበቷ ሕመም በቀር የሚያስቆማት ነገር የሌለው ባልቴት፣ ከሁሉም ቀድማ ደረሰችና ገና ሳትስማት «ምነው እቴ፣ ቻይና ሄደሽ ዘበኛ ሆነሽ መጣሽ?» አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ከቀልዱ በላይ ረዘመ።

ረሂማ አንድ በአንድ ሳመች። ስማ ስትጨርስ ዞር ዞር ብላ አየች። «አብዱልናስርስ?»

«እንጦጦ ነው» አለ ሳልህ። መልሱን ከጠዋት ጀምሮ ሲያብላላው ነበር የዋለው። «ፈዬራ ዘንድ ልኬው፣ የአጥር እንጨት ሊያስመርጥ። ነገ ከጭነቱ ጋር ይወርዳል።»

«እናቱ እየመጣች?»

«ማክሰኞ የምትገቢ መስሎታል። እኔ ነኝ ያሳሳትኩት።»

ረሂማ ባሏን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ፊቷ ፈታ አለ። ፈዬራ በሰፈሩ የታወቀ የባሕር ዛፍ ነጋዴ ነው፤ ልጁም እዚያ መውጣት ይወዳል። «እሺ፣ የሱ ዕቃ ይቆየዋል» አለችና ሻንጣዋን ከፈተች። ካወጣቻቸው ዕቃዎች ሁሉ በላይ ጥቁር የሸራ ጫማ ነበር፤ ሶሉ ነጭ፣ ማሰሪያው አዲስ። በአንዱ ጫማ ውስጥ በእግር ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን ገብቷል። ከመሄዷ በፊት ልጁን ካርቶን ላይ አስቁማ እግሩን በእርሳስ ከብባ ነበር። «ሳላጥፈው ነው ይዤው የዞርኩት» አለች። «ቁጥር ብነግራቸው የነሱ ቁጥር ሌላ ነው። ካርቶኑን ሰጠኋቸው፣ ሽማግሌው ወስዶ ከጫማው ጋር አስተያየውና ሳቀ። የልጅሽ እግር ትልቅ ነው ማለቱ ነው፤ በእጁ እንዲህ አደረገ።»

ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የማርያምወርቅ ዘንድ ሲደርስ ቶሎ ለሌላ ሰው አሳለፈችው።

ሻይ ተቀዳ፣ ሳምቡሳ ዞረ፤ ረሂማም ማውራት ጀመረች። መናገር ታውቅበታለች፤ ሰፈሩን የያዘችው በዚሁ ነው።

«የንጉሦቹን ቤተ መንግሥት ያሳዩን ጊዜ» አለች «በሩን ስታልፉ ሌላ በር ነው። እሱን ስታልፉ ግቢ ነው፤ ግቢው ጃን ሜዳን ያህላል፤ ዛፍ የለው፣ ሣር የለው፣ ድንጋይ ብቻ። ከዚያ ደግሞ በር። እኔማ ሦስተኛው ላይ ንጉሡ ዘንድ የደረስን መስሎኝ ሻርፔን አስተካከልኩ። ገና ነን። ጣሪያው እንዳለ ቢጫ ነው፤ ቢጫ ለንጉሥ ብቻ ነበር የሚፈቀደው አለችን፣ ባንዲራ ይዛ የምታስጎበኘን ልጅ። ደፉ ደግሞ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ረግጦ ማለፍ ነውር ነው፤ እግር አንስቶ መሻገር ነው።»

«እኔ በዚህ ጉልበቴ ውጭ ቀርቼ ነበር» አለች የማርያምወርቅ።

«አንቺንማ በአልጋ ያስገቡሽ ነበር። የንጉሡን ሚስቶች እንዲያ ነበር የሚያስገቧቸው።»

«ለንጉሥማ መቼ አንሼ።»

ሳቁ። ረሂማ ሻይዋን ፉት አለች። «በየግቢው ደግሞ ሙሉ ሰው የሚውጡ የነሐስ ጋኖች አሉ፤ እሳት ቢነሳ ብለው ውኃ የሚያጠራቅሙባቸው። በወርቅ ተለብጠው ነበር። የውጭ ወታደሮች ገብተው በሳንጃ ፍቀው ወሰዱት፤ ጭረቱ ዛሬም አለ። በእጄ ነካሁት። ሻካራ ነው።»

ወታደር የሚለው ቃል ሲወጣ ሳልህ ሻይ እየቀዳ ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ሳፊያ ጨርቅ ይዛ መጣች። ረሂማ አላየችም። ቤቱ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጣት ወሬው የጣማቸው መሰላትና ወደፊት ተጠጋች።

«አንድ ነገር ግን ገረመኝ። አስጎብኚዋ እንዳለችው፣ ያን ሁሉ በር አልፎ ንጉሡ ዘንድ እውነተኛ ወሬ አይደርስም ነበር። ክፉ ነገር ሲመጣ ሹማምንቱ ተሰብስበው ዛሬ ቀኑ አይደለም፣ ይተኛ፣ ነገ እንነግረዋለን ይላሉ። ነገም ሌላ ሰበብ። ጠላት በሩ ላይ ደርሶ ንጉሡ ገና ወፎቹን ይመግባል። እንዲህ ያለ ሰነፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አቶ ገብረ ክርስቶስ ሳል ያዛቸው። ውኃ ተሰጣቸው። «ፍቅር ይሆናል» አሉ ሲያልፍላቸው።

«ፍቅር አይደለም ጋሼ፤ ፍርሃት ነው።»

ከቤተ መንግሥቱ ወጥታ ወደ አሮጌዎቹ መንደሮች ገባች። ግራጫ ግንብ በግራና በቀኝ፤ መተላለፊያው ጠቦ ሁለት ብስክሌት ሲገናኝ አንዱ ይወርዳል። በየደጁ ለክረምት የተደረደረ ጎመን፣ እንደ ዳቦ ክብ ሆኖ ቀዳዳ ቀዳዳ የተበጀለት ከሰል። ሽማግሌዎች ወፎቻቸውን ከነሽቦ ቤታቸው ዛፍ ላይ ሰቅለው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ገበጣ የመሰለ ነገር ይጫወታሉ። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ። «ወላሂ የኛ ሰፈር የገባሁ መሰለኝ» አለች። «አንዷ አሮጊት እጄን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ። ቋንቋ የለን። የልጅ ፎቶ አሳየችኝ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ። እኔም ይሄን የአብዱልናስርን ካርቶን አሳየኋት፤ ሌላ ምን ላሳያት? ሁለታችንም ሳቅን።»

በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳና ጓድ ከበበ ገባ።

ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ፣ ሁለቱን ጠባቂዎቹን ደጅ ትቶ ነበር የመጣው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረሂማን በእርስዎ ያነጋግራታል። ጨበጣት፤ እጇን እንደ ወትሮው ቶሎ አለቀቀም። ከጎኗ ተቀመጠ። ሳልህ ሻይ ሲሰጠው ከበበ ቀና ብሎ አየውና ዐይኑን መለሰ።

«እንኳን በደህና መጡ ጓድ ረሂማ። ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው።»

«ይቆዩ እንጂ። መንደሩ ላይ ደርሰናል።»

ስለ መንደሩ ቀጠለች። ከበበ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማ። ጥቂት ቆይቶ፣ ፋታ ስታገኝ፣ «ከጉዞው በቀር የሚነግሩኝ ነገር ካለ እየሰማሁ ነው» አላት።

ሳፊያ ትሪ እንደ ያዘች ቆመች። አባቷን አየች፤ አባቷ መሬቱን ያያል። አቶ ገብረ ክርስቶስን አየች፤ እሳቸው ራሳቸውን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

«አለ» አለች ረሂማ። «ጥሩ አስታወሱኝ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ቆሜ ሳይቀር ሳስበው ነበር።»

«ይንገሩኛ።»

«የአዳራሻችን ጣሪያ ነገር። ያ የቻይኖቹ ስንት መቶ ዓመት ቆሞ ጠብታ አያስገባም። የኛ ትናንት ተሠርቶ ዝናብ ሲመጣ ውስጡ ያለ ሰው ይበሰብሳል። ወንበር እንኳ የለም፤ ሰው ሲሚንቶ ላይ ነው የሚቀመጠው። እሱን ያስቡበት።»

ከበበ ረጅም ጊዜ አያት። «አዳራሹን ነው የሚሉኝ?»

«አዳራሹን።»

«ውስጡ ያለውን ሰው?»

«ያለውንም፣ የሚመጣውንም። ለአንድ ሰው ብዬ አይደለም፤ ለሁሉም ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?» አለችና ሳቀች። «ያልኩዎትን ይፈጽሙልኝና ሌላውን ያኔ እጠይቃለሁ።»

ከበበ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ከሻዩ ግማሹን አልጠጣውም። ሲነሣ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። «እንደ እርስዎ ያለች እናት አላየሁም» አላትና ኮፍያውን አደረገ። ረሂማ ለጣሪያው መስሏት አመሰገነችው።

ሳፊያ ትሪውን አስቀምጣ ተከትላው ወጣች። በሩን ሲያልፍ ልትደርስበት ምንም አልቀራትም፤ ከቤት ውስጥ እናቷ «ሳፊያ፣ ነይ ይሄን ሻርፕ ለኪው፣ ካልሆነሽ ለጎረቤታችን ለዘሙሩድ እሰጠዋለሁ» ብላ ጠራቻት። ሳፊያ የአጥሩን በር እንደያዘች ቀረች። ከበበ መታጠፊያው ላይ አንዴ ዞር ብሎ አያት፤ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ወረደ። ወላሂ ብያለሁ አለች በልቧ፤ ደግሞም መኪናው ሰኞ ነው። ተመልሳ ሻርፑን ለካች።

ንጋት ላይ ረሂማ ሶላቷን ሰግዳ በሩን ስትከፍት ግቢው ሰው ሞልቶታል። አቶ ገብረ ክርስቶስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የማርያምወርቅና ሌሎች ሴቶች በእድሩ ወንበሮች ላይ ተርታ ተቀምጠዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም፤ ሁሉም እስከ አፋቸው ተከናንበዋል።

«ምነው በሌሊቱ!» አለች እየሳቀች። «የቀረውን የፔኪንግ ወሬ ፈልጋችሁ ነው? ቆይ ሻይ ላስጥድ።»

የሳቀላት አልነበረም። የማርያምወርቅን ነጠላ አየች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ነበር፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ሰው ሳያዛት ከልማዷ ነው እንዲያ የለበሰችው። ረሂማ ወደ ኋላዋ ዞረች። ሳልህ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሊያያት አልቻለም።

«ማነው?» አለች።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ።

«አብዱልናስር ነው? እንጦጦ አይደለም?»

«ቁጭ በይ።»

«ሞተ?»

«አልሞተም። አልሞተም ልጄ፣ ስሚኝ። ለውትድርና ይዘውት ነው። እዚሁ ቀበሌ ነው ያለው፤ ደህና ነው፤ ሳፊያ ምግብ ታደርስለታለች።»

ረሂማ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። «አልሞተም» አለች። «አልሐምዱሊላህ። አልሞተም።» እንባዋ ወረደ፤ በእንባዋ መካከልም ሳቀች። ሴቶቹ ከበው አቀፏት። አልወደቀችም፣ አልጮኸችም። አቶ ገብረ ክርስቶስ ወደ ሳፊያ ዞር ብለው፣ አየሽ በወጉ ሲነገር፣ በሚል ዐይን አዩዋት።

ከዚያ ረሂማ ቀና አለች።

«ቀበሌ የት?»

አቶ ገብረ ክርስቶስ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ቀበሌው የት ነው ያስቀመጡት?»

«አዳራሹ ውስጥ» አለች ሳፊያ።

ረሂማ ከወንበሩ ስትነሣ ቀስ ብላ ነበር። ወደ ውስጥ ገብታ ጫማውን ይዛ ወጣች። ማንንም ሳታናግር የግቢውን በር ከፍታ ቁልቁል ሄደች፤ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፣ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ሳልህ፣ ሳፊያ፣ አቶ ገብረ ክርስቶስ ተከተሏት፤ የማርያምወርቅም በዚያ ጉልበቷ ከኋላ።

ከአዳራሹ ጎን ያለው ሜዳ ላይ ሸራ የለበሱ የጭነት መኪኖች ቆመዋል። ሞተራቸው ይንተከተካል። አዳራሹ ባዶ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አንድ ዘበኛ ሲሚንቶውን ይጠርጋል። ሳልህ «ሰኞ» አለ። ዘበኛው ቀና ብሎ «ለዛሬ ተባለ፣ ማታ ነው የተነገረን» አለና መጥረጉን ቀጠለ።

ጓድ ከበበ ከአንድ መቶ አለቃ ጋር ሜዳው ዳር ቆሞ ነበር። ረሂማን ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ።

«ሊሸኙት መጡ?» አላት።

«ልወስደው ነው የመጣሁት።»

ከበበ የሰማውን አላመነም። የያዘችውን ጫማ አየ፣ ፊቷን አየ፣ ከኋላዋ የቆሙትን አየ። «ትናንት… አልነገሩዎትም ነበር?»

«አሁን ነገሩኝ።»

«ጓድ ረሂማ» አለ ከበበ። «ከሌሎቹ ለይቼ አዳራሹ ውስጥ ባለው የዘበኞች ክፍል አስቀምጬው ነበር። ዕድሜው እንዳልደረሰ አውቃለሁ። አንድ ቃል ቢወጣዎት በማግስቱ፣ ምን በማግስቱ፣ ያን ሰዓት ይዤልዎት ልመጣ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁዎት። እርስዎ ለአንድ ሰው ብዬ አይደለም አሉኝ። ሴትየዋ ቆርጣለች፣ ልጇን ከሰው ልጅ አልለይም ማለቷ ነው ብዬ ተመልሼ ከሌሎቹ ቀላቀልኩት። እኔ በእርስዎ ፊት አፈርኩ።»

ረሂማ ጫማውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

መቶ አለቃው ሰዓቱን አየ። «ዕድሜው ያልደረሰ ካለ ሊቀመንበሩ ይበሉኝና አወርደዋለሁ፤ ለእኔ ቀላል ነው። የመጨረሻው መኪና ላይ ነው። ተነጋግራችሁ ኑና ንገሩኝ፣ ቶሎ ግን፤ ሹፌሩ እየጠበቀ ነው።» ወደ መኪኖቹ ሄደ።

ከበበ ሊከተለው እግሩን አነሣ። ሳልህ ኮቱን ያዘው።

«ሙሉ ቀን በርህ ላይ ቆሜ አላየኸኝም? ሻዬን ጠጥተህ፣ ልጄን አዳራሽ ቆልፈህ!»

«ልቀቀኝ። ሚስትህ አጠገቤ ተቀምጣ ምላስህ የት ነበር?»

«እሷ ፊት እንዴት ብዬ?»

«የሞተ ሰው የለ! ማን ይደብቃል ብዬ ልጠርጥር?»

«ይሄንኑ ነው ያልኩት» አለች ሳፊያ ወደ አቶ ገብረ ክርስቶስ ዞራ። «ይሄንኑ ነው ያልኩዎት። በልታ ትደር አሉኝ።»

«እኔ ለደግ ነው። ሰኞ ያለኝ አባትሽ ነው።»

«ሰኞ ያለኝ ዘበኛው ነው» አለ ሳልህ። የከበበን ኮት ግን አልለቀቀም።

«ቆይ» አለች ረሂማ።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሁሉም ግን ዝም አሉ። ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። ስታያቸው የሌላ አገር ሰዎች የምታይ ይመስል ነበር።

«ትናንት ስለ በሮቹ ሳወራ ታውቁ ነበር?»

የማርያምወርቅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ካርቶኑን ስታዞሩት። የማርያምወርቅ፣ አንቺም በእጅሽ ይዘሽው ነበር።»

«እኔማ እህቴ፣ አንጀቴ ነው የተቆረጠው…»

«ስለ ንጉሡ ስነግራችሁ፣ ክፉ ወሬ ስላልነገሩት፣ ስትስቁ…»

«አልሳቅንም» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ።

«ጋሼ፣ ፍቅር ይሆናል ነበር ያሉኝ። እኔ ሰነፍ አልኩት። እኔ እዚያ ተቀምጬ ወሬ ስጠርቅ ልጄ እዚህ ሲሚንቶ ላይ። ሳልህ፣ አንተ ሻዩን ስትቀዳ ነበር። ሳፊያ፣ ሻርፕ ለኪ ስልሽ ለካሽ። ሻርፕ ለካሽ።»

«ወላሂ አስብለውኝ ነበር እማዬ።»

«ማን?»

«አባባ።»

«እኔ አንቺ እንዳትወድቂ ነው» አለ ሳልህ። «የከድር ጊዜ…»

«የከድርን ስም አታንሣ!»

«ለማን ብዬ ነው ታዲያ የደበቅሁት? ለራሴ? ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየሁም።»

«ጊዜ የለም፣ ልሂድ» አለ ከበበ፤ ወዲያውም «ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ፣ ምስክር አለኝ፣ እኚህ ሽማግሌ ነበሩ» አለ።

«እኔን ለምስክር አትጥራኝ» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ። «ልጅ የያዝክ አንተ፣ ምስክር እኔ?»

«እርስዎ አይደሉ በራስዎ የነቀነቁ? አይቼዎታለሁ፤ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።»

«ጋሼ ነቀነቁ?» አለች ረሂማ። «ምን ብለው ነቀነቁ? ይንገሩኝ እስቲ፣ ምን ብለው?»

«ነገ ይነገራታል ብዬ ነዋ።»

«ነገ!» አለች ሳፊያ።

የማርያምወርቅ አዳራሹ ደፍ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ዘበኛው መጥረጊያውን አስደግፎ ሊሰማ ቀረበ። ሳልህ አሁንም ኮቱን ይዟል፤ ከበበ የሳልህን ክንድ ይዟል፤ አቶ ገብረ ክርስቶስ ሁለቱን ለመለየት መሐል ገብተው ሁለቱንም ይወቅሳሉ። ረሂማ ጫማውን በደረቷ አቅፋ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየዞረች፣ አንተስ፣ አንቺስ፣ የትኛው ላይ ነበር ልትነግሩኝ የፈለጋችሁት፣ ቢጫው ጣሪያ ላይ ነው፣ ደፉ ላይ ነው፣ ትላለች።

ከሜዳው ማዶ መኪኖቹ በታችኛው በር አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻው መንገዱ አፍ ላይ ሲደርስ፣ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭነው የሚወርዱ አህዮች መንገዱን ሞልተውት ነበርና ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። አህዮቹ እስኪያልፉ ጠበቀ። ከዚያ ማርሽ አስገብቶ፣ የኋላ ሸራው ታስሮ፣ ወደ መገናኛ ታጠፈ።

«ልመናዬ ይሄ ብቻ ነው» ትል ነበር ረሂማ። «መጀመሪያ ዝም ያለው ማን እንደሆነ ይነገረኝ።»